ፋሲካን ለሞዴሉ ማን ይንገረው?

በቅርቡ አንዲት ወጣት የዳታ ባለሙያ "ሽያጭ ለመተንበይ አሪማ ይሻላል ወይስ ኤክስፖኔንሺያል ስሙዚንግ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ካለፈው ቁጥር ተነስተው መጪውን የሚገምቱ የስሌት ዘዴዎች፣ ማለትም ሞዴሎች ናቸው። ዳታቤዙ ውስጥ እዚያው በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ልትጨርሰው ፈልጋለች። ሐሳቧን ወደድኩት። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ድሮ አንድ ወተት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ። በየቀኑ የወጣውን ወተት ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱን ይጽፋሉ፦ "ጾም ገባ"፣ "መብራት የለም"፣ "መኪናው ተበላሽቶ ቆመ"። የፋሲካ ዋዜማ መጋዘኑ ሌላ ነበር። ሹፌሮቹ ገና ሳይነጋ ተሰልፈው ይጯጯሃሉ፣ እሳቸው ግን እርጋታቸው አይለወጥም።

ኮምፒውተር ሲገባ ቁጥሩ ወደ ዳታቤዝ ተገለበጠ። ምክንያቱ ቀረ፤ ቦታ አልተሰጠውም። ጋሼ ጡረታ ወጡ። ደብተሮቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምን እንዳጣን ልንገራችሁ። የረቡዕና የዓርብ ጾም በየ7 ቀኑ ስለሚመጣ ሞዴል ከቁጥሩ ብቻ ይደርስበታል። 55 ቀን ያለው ዓቢይ ጾም ግን ከፋሲካ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12። የአምናውን ቀን የሚጠብቅ ሞዴል ይሳሳታል። ይባስ ብሎ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ሳምንታዊው ልማድ ራሱ ይፈርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀን ሠንጠረዥ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፤ ጾም ነው? በዓል ነው? መኪና ወጥቷል? ሽያጩን በሌፍት ጆይን (ሽያጭ ባይኖርም ቀኑን በማያስቀር ማያያዣ) አያይዙት። ሽያጭ የሌለበት ቀን መስመር ከሌለው ያለፈውን ቁጥር የሚያመጣው ላግ የሚባል ተግባር የሚሰጣችሁ ትናንትን ሳይሆን የቀደመውን መስመር ነው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ጀነሬት ሲሪስ የሚባል ተግባር ቀናቱን አንድም ሳያጎድል በተከታታይ ይፈጥርላችኋል። ግን ሰው ስላልገዛ ዜሮ የሆነና መኪና ስላልወጣ ዜሮ የሆነ አንድ አይደሉም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ብቻ ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ቢግኩዌሪ በተባለው የጉግል ዳታቤዝ ላይ በአንድ ክሪኤት ሞዴል ትእዛዝ አሪማ ታሠለጥናላችሁ፤ ቀናሁባችሁ። መጋዘን ወርዶ መጠየቅ ግን ይከብዳችኋል።

ለልጅቷ የሞዴሉ ስም አያስጨንቅሽ አልኳት። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ለፈተና ለይተሽ አስቀምጪ፣ የባለፈውን ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ሽያጭ እንደ ትንበያ ውሰጂ፣ ይህን ያልበለጠ ሞዴል ተዪው። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ምርጫው ጭራሽ ለውጥ የለውም ማለቴ ልክ አይደለም። አሪማ ፕላስ ኤክስሬግ የሚባለው የቢግኩዌሪ ሞዴል ከሽያጩ ሌላ የጾሙን ዓምድም ይቀበላል፤ ተራው ኤክስፖኔንሺያል ስሙዚንግ ግን የሚያየው ያለፈውን ሽያጭ ብቻ ነው። ለወተት ከሆነ የመጀመሪያውን ትሞክር።