ስድስት ቴራባይቱን በአንድ ፋይል አያጓጉዙት

ደብረ ብርሃን ከሚገኝ የግንባታ ዲዛይን ቢሮ የደረሰን ጥያቄ ይህ ነው። ቢሮው ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር 2 የተጫነበት አሮጌ ሰርቨር አለው። ዲስኮቹ በሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ) ተያይዘው እንደ አንድ የ6 ቴራባይት ዲስክ ይታያሉ፤ ሲስተሙ (ዊንዶውሱ) ያለበት የሲ ክፍል 120 ጊጋባይት ሲሆን የቀረው የዲ ክፍል ነው። ዲ ላይ 3.5 ቴራባይት የሚሆን ፕላንና ስካን የተደረገ ሰነድ ተቀምጧል። ጠያቂው ሁሉንም በዲስክ ቱ ቪኤችዲ (ዲስክን ወደ አንድ ፋይል በሚገለብጥ ፕሮግራም) ወደ ሃይፐር-ቪ (ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ወደሚያስኬደው የማይክሮሶፍት ሲስተም) ለማዞር ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። በመጀመሪያው ዲስኩ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ተባሉ፤ በሁለተኛው ኮፒው ሳያልቅ መብራት ሄደባቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቪኤችዲ የሚባለው የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ጣሪያው 2 ቴራባይት ገደማ ነው፤ አዲሱ ዓይነት ቪኤችዲኤክስ ግን እስከ 64 ቴራባይት ይደርሳል። ፕሮግራሙ ላይ ቪኤችዲኤክስ የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ይህ ቢስተካከልም ግን የተመረጠው መንገድ ለእርስዎ ዲስክ አይሆንም። 3.5 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት ስዊች ሲያልፍ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ቢገኝ ነው፤ አራት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። በጊጋቢት ስዊች እንኳ 9 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ደግሞ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከዜሮ ነው። መብራቱ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ያህል ሰዓት መተማመኛ የለም። ስለዚህ ሁለቱን ይለያዩ፦ ሲስተሙ በኢሜጅ (በዲስኩ ሙሉ ቅጂ)፣ ዳታው በፋይል ኮፒ ይሂድ።

ከሁሉ በፊት የዲስኮቹን ጤና ይዩ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ዲስክ ከሚለው ምንጭ ቁጥር 7 ከተደጋገመ የተበላሸ ሴክተር አለ። ያረጀ ዲስክ ሙሉውን ሲነበብ ድካሙ ይወጣልና፣ በጣም የሚያስፈልጉትን ፎልደሮች አስቀድመው በውጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ዳታው። ሃይፐር-ቪ ባለበት አዲሱ ማሽን ላይ 5 ቴራባይት የሚይዝ ቪኤችዲኤክስ ይፍጠሩ፣ እዚያው ማውንት አድርገው (እንደ ዲስክ እንዲታይ ከፍተው) በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) ፎርማት ያድርጉት። ከዚያ አሮጌው ሰርቨር ሥራ ላይ እያለ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ሆነው የዲ ፋይሎችን በሮቦኮፒ (ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣ የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ) ይሳቡ። በቀጥታ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ የማይገለበጠው፣ ቨርቹዋል ማሽኑ የአሮጌውን ስምና አይፒ ስለሚይዝ ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ መታየት ስለማይችሉ ነው።

ሮቦኮፒ ላይ ሚር (/MIR፣ መድረሻውን ልክ እንደ ምንጩ የሚያደርግ)፣ ኮፒኦል (/COPYALL፣ ፈቃዶችንም የሚገለብጥ) እና ዜድቢ (/ZB፣ ሲቋረጥ የሚቀጥል፣ ፈቃድ ሲከለከልም በባክአፕ መብት የሚያነብ) የሚባሉትን ማዘዣዎች ይጠቀሙ፤ የሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽንና የሪሳይክል ቢን ፎልደሮችን በኤክስዲ (/XD) ያስቀሩ። አርን (/R፣ የሙከራ ብዛት) እና ደብሊውን (/W፣ በሙከራዎች መካከል የሚጠበቅ ሴኮንድ) 1 ያድርጓቸው፤ ካልነኳቸው አንድ የተቆለፈ ፋይል ሲያጋጥም በየ30 ሴኮንዱ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ሌሊቱ በዚያ ላይ ያልቃል። ሎጉን (የሥራውን መዝገብ) በዩኒሎግ (/UNILOG) ያስጽፉ፤ አለዚያ በአማርኛ የተሰየሙት ፋይሎች ሎጉ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ስለሚታዩ የቱ እንዳልተገለበጠ አያውቁም። ሚር ላይ በጣም ይጠንቀቁ፦ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ይሰርዛል። ምንጭና መድረሻ ከተገላበጡ ባዶው ዲስክ የቢሮውን ሥራ ሁሉ ይጠርገዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ኤል (/L) ጨምረው ዝርዝሩን ብቻ ማየት ያለብዎ።

መብራት ቢሄድ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት፤ የተገለበጠውን አልፎ የቀረውን ይቀጥላል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ) ላይ ሁለቱን ማሽኖች ብቻ ሳይሆን ስዊቹንም ይሰኩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አዲሱ ማሽን ላይ የፋይሎቹን ፈቃድ ሲከፍቱ በተጠቃሚ ስም ፋንታ ረጅም ቁጥር ቢያዩ አይንኩት። የአሮጌው ሰርቨር ተጠቃሚዎች መለያ ነውና ሲስተሙ ሲነሳ ስሙ ይመለሳል።

ሲስተሙን ለማንሳት ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ላይ ዲን ምልክት አያድርጉበት፤ ሲንና ፊደል የሌላቸውን ትናንሽ ፓርቲሽኖች ብቻ ይምረጡ። ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ አሮጌው ሰርቨር ላይ ግን መልሰው ማውንት አያድርጉት፤ የዲስኩ መለያ ተቀይሮ አልነሳም ይላል። ሲስተሙ የሚነሳው መጠኑ 2 ቴራባይት ከሚበልጥ ዲስክ ስለሆነና ዲም ሙሉውን የቀረ ቦታ ስለያዘ፣ የዲስኩ አከፋፈል ጂፒቲ የሚባለው፣ አነሳሱም ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የማስነሻ ዘዴ ነው። ስለዚህ ሃይፐር-ቪ ላይ ቨርቹዋል ማሽኑን ሲፈጥሩ ዓይነቱን ጀነሬሽን 2 ያድርጉት፤ ጀነሬሽን 1 ላይ አይነሳም። ጀነሬሽን 2ም ላይ ካልተነሳ በዊንዶውስ መጫኛ አይኤስኦ ገብተው፣ በዲስክፓርት (በዲስክ ማስተካከያው ትእዛዝ) ለኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ (የማስነሻ ፋይሎቹ ላሉበት ክፍል) ፊደል ይስጡትና ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን እንደገና ይጻፉ። ይህንን ሁሉ ኔትወርኩን ነቅለው አስቀድመው ይሞክሩት።

ዋናው ዝውውር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ሠራተኞች ፋይል ዘግተው ሲወጡ ሼሮቹን (በኔትወርክ የሚጋሩትን ፎልደሮች) ሳይሰርዙ ማንም እንዳይጠቀምባቸው ያድርጉ፣ ሮቦኮፒን ለመጨረሻ ጊዜ ያስኪዱ፤ የሚገለብጠው የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ብዙ አይፈጅም። የሲስተሙን ኢሜጅ አዲስ ያንሱ፣ አሮጌውን አጥፍተው የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ የዳታውን ዲስክ ከሆስቱ (ሃይፐር-ቪ ካለበት ማሽን) አላቀው ለቨርቹዋል ማሽኑ ይስጡትና ያስነሱት።

ዲስኩ ኦፍላይን ሆኖ ከመጣ ኦንላይን ያድርጉት፣ ፊደሉም ዲ ራሱ ይሁን። የሼሮቹ ዝርዝር ሬጂስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ስላለ አይጠፋም፤ ዲ ከገባ በኋላ ሰርቨር የሚባለውን ሰርቪስ ሪስታርት ሲያደርጉ ይመለሳሉ። የድሮው ኔትወርክ ካርድ ተደብቆ አይፒውን ይዞ ስለሚቆይ፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ የተደበቁትን አሳይተው ይሰርዙት። የሬይድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙንም ያራግፉ።

ሰርቨሩ ዶሜይን ኮንትሮለር (የቢሮውን ተጠቃሚዎችና የይለፍ ቃሎች የሚያስተዳድር) ከሆነ ግን ይህን መንገድ ይተዉት፤ አዲስ ማሽን ላይ ሌላ ዶሜይን ኮንትሮለር አቁመው ሚናዎቹን ያዛውሩ። ከማሽኑ ጋር የመጣ የኦኢኤም ላይሰንስም ወደ ቨርቹዋል ማሽን አይሻገርም፤ የ2012 አር 2 የተራዘመ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አብቅቷል። ዳታው ለብቻው ዲስክ ላይ ስላለ፣ በኋላ አዲስ ሰርቨር ሲጭኑ ያንኑ ቪኤችዲኤክስ ነቅሎ መሰካት ብቻ ይሆናል፤ ሼሮቹንና ፈቃዶቹን ግን እንደገና መስጠት ይኖርብዎታል። አሮጌውን ሰርቨር ለአንድ ወር ሳይነካ ያቆዩት፤ ዲስኮቹን ማውጣት ግድ ከሆነ በየቦታቸው ቁጥር ይለጥፉባቸው።