የሚከብዳችሁን ኬዝ ለማን ትነግራላችሁ?

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከካሊፎርኒያ ደወለችልኝ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። እዚያ ሄዳ በካውንስሊንግ ማስተርሷን ይዛለች። አሁን ሙሉ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራዋን እየተከታተለ በሚያማክራት አንጋፋ ባለሙያ ሥር ሆና 3,000 ሰዓት መሥራት አለባት። ሕጉ የቱንም ያህል ብትሮጥ ከ104 ሳምንት በፊት አያስጨርሳትም።

"ጋሼ፣ የከበደኝ አንድ ኬዝ፣ አንድ ተመካሪ አለ" አለችኝ። "ለሱፐርቫይዘሬ ብነግራት አልበቃሽም ብላ ሰዓቴን እንዳትከለክለኝ ፈራሁ። ቀለል ቀለል ያለውን እያቀረብኩ ልጨርስ?"

አይሆንም አልኳት። ለምን እንደማይሆን ግን በስልክ አልወጣልኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የከለከለችኝ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ናት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለተማሪዬም፣ እዚህ ሐዋሳ በየክሊኒኩና በየትምህርት ቤቱ የምክር ሥራ ለጀመራችሁ ልጆችም ነው።

ጊዜው የቪሲቲ፣ በፈቃደኝነት የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ የሚሰጥበት ዘመን ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ነው። ከዚያ በፊት በክፍያ ስለነበር ብዙው ሰው አይደርስበትም። እኛ አጭር ሥልጠና ወስደን አማካሪ ሆንን። ሰው ደም ይሰጣል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ውጤቱን የምትነግረው አንተ ነህ። ነፃ ከሆነ አቅፎህ ይሄዳል። ቫይረሱ ሲገኝበት ግን ከቃል በቀር በእጅህ ምንም የለም። ደህና ምግብ ብላ፣ ራስህን ጠብቅ፣ ተስፋ አትቁረጥ። ይህንኑ በቀን ስንት ጊዜ ትላለህ!

ባልደረባዬ ከሁላችንም የተሻለች አማካሪ ነበረች። ዝምታ አያስፈራትም። ሰው ሲያለቅስ ሶፍት ለማቀበል አትቸኩልም፤ እስኪወጣለት ትጠብቀዋለች። ሲዳምኛም ወላይትኛም ትችላለች። በዚህ ምክንያት ከገጠር የመጣው ሁሉ ወደ እሷ ክፍል ይመራል። ባልና ሚስት መጥተው የአንዳቸው ውጤት ከሌላው ሲለይም እሷ ትጠራለች። ከባድ ከባዱ ሁሉ እሷ ላይ ተከመረ።

ከበላይ አካል ለሱፐርቪዥን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ስንት ሰው እንደተመረመረ ይቆጥራሉ፣ ቼክሊስታቸውን ሞልተው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። "አንቺስ እንዴት ነሽ? ትናንት ያየሻት ሴት ከአእምሮሽ ወጣች?" ያላት አንድም ሰው የለም።

ቀስ በቀስ ተለወጠች። መጀመሪያ ንግግሯ አጠረ። ከሥራ ስንወጣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ጥሬ ዓሣ በዳጣ እንበላ ነበር፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች አጠገባችን ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ለእኔ የሐዋሳ ደስታ ማለት ያ ነበር። እሱንም ተወችው። ኋላ ላይ ውጤት ስትናገር ወረቀት የምታነብ መሰለች። አንድ ሰኞ መልቀቂያ አስገባች። "ቤት ገብቼ ልጄ ስታወራኝ አልሰማትም" ነው ያለችኝ።

ወደ ሙያው አልተመለሰችም። ንግድ ጀመረች፣ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሳምንት አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚሰማት ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስንቱን ታሠለጥን ነበር! አሜሪካኖቹ በሕግ ያስገደዱት ያንን ሰዓት ነው። ነገሩ አዲስም፣ የእነሱ ፈጠራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 በርሊን ውስጥ የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክ ሲከፈት፣ ጀማሪው ባለሙያ ታካሚ የሚያየው ልምድ ባለው ሰው ሥር ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ መጀመሪያ የምታቀርቢው መደበቅ የፈለግሽውን ኬዝ ይሁን። አዋቂ ሱፐርቫይዘር የምትሠጋው "ሁሉም ደህና ነው" በሚል ተለማማጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ያልከበደው አማካሪ አላየሁም። እርግጥ ሁሉም ሱፐርቫይዘር ይታመናል አልልም። የነገርሽውን ይዞ የሚወቅስሽም አለ። ስለዚህ ጥቂት ሳምንት እያት፣ በትንሹ ሞክሪያት። ቅድም መጀመሪያ አቅርቢ ብዬ አሁን ቆይ ማለቴ ይታወቀኛል፤ ሁለቱንም አምንበታለሁ። ራሴን አጠፋለሁ ያለ ሰው ወይም የሚደበደብ ሕፃን ካለ ግን መቆየት የለም። ሳምንታዊው ቀጠሮ ሳይጠበቅ ያኑ ዕለት ይደወላል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ተመካሪው እናንተ ላይ የሚያደርገውን አንዳንዴ እናንተም ሳታውቁት ሱፐርቫይዘራችሁ ላይ ታደርጉታላችሁ። በየአፍታው ይቅርታ ከሚጠይቅ ሰው ጋር ሰንብታችሁ፣ ሱፐርቫይዘራችሁን ያለ ጥፋታችሁ ይቅርታ ስትጠይቁ ትገኛላችሁ። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ያቺን ይይዝና ስለ ተመካሪው ያላያችሁትን ያሳያችኋል። ኬዙን አሳምራችሁ ካቀረባችሁ ይህ አይታይም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ የተሻለ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ ዝም ብለን ነው የነደድነው። አንዳንዶቻችሁ ቲክቶክ ላይ "ዛሬ አንዲት ተመካሪዬ…" ብላችሁ ስትጀምሩ ግን ያናድደኛል። ለሱፐርቫይዘር ለመናገር ያፈራችሁትን ለአገር ሁሉ ታወሩታላችሁ!

መሥሪያ ቤታችሁ ሱፐርቫይዘር ካልመደበላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ለምኑና ቋሚ ሰዓት ያዙ። በሩ የሚዘጋ ክፍል ይሁን፤ ሐይቅ ዳር ካፌ አይሆንም። ከተማችን ጠባብ ናትና ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም። "ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ፣ ከአለታ ወንዶ የመጣች፣ ባጃጅ ነጂ ያገባች" ካላችሁ ከመካከላችሁ አንዱ ጎረቤቷ ነው። ሥራዋን ቀይሩት፣ የመጣችበትን ተዉት። ለተመካሪውም ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አማክራለሁ ሲባል ብዙው ሰው ደስ ነው የሚለው።