«ሲሻልሽ እንመልስሻለን» የተባለበት ደብዳቤ

የጠያቂዋ ጥያቄ ሲጠቃለል፦ በአንድ የግል ባንክ በካሸርነት 9 ዓመት ከ4 ወር ሠርቻለሁ። ዘንድሮ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ጡንቻ የሚያደክም ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከሰዓት በኋላ የዐይኔ ቆብ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ ምላሴም ይከብዳል። በቀረሁባቸው ቀናት ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ትንሽ የካሽ ጉድለትም ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊው «ደብዳቤ አስገቢ፣ ሲሻልሽ እንመልስሻለን» ስላለኝ እየተነጋገርን ነው። ለመሆኑ የሕመም ፈቃዴ ስንት ወር ነው?

መልስ፦ የጠየቁት ነገር አጭር መልስ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ በአንድ ላይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። 12 ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ሕመሙ ከያዘዎት ቀን ነው፤ ከመስከረም ወይም ከሐምሌ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን «እየተነጋገርን ነው» ያሉት ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤው ተጽፏል? ፈርመውበታል? መዝገብ ቤት ገብቷል? ሦስቱንም አልነገሩኝም፤ የጉዳይዎ ዕጣ ደግሞ የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ያልፈረሙ ከሆነ ዛሬም ነገም እንዳይፈርሙ።

በዚህ መንገድ ሰዎች ሲጎዱ ደጋግመን እናያለን። ኃላፊው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ከልቡ አዝኖልዎትም ይሆናል። ይሁንና «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረሙ ሕጉ የሚያይዎት ሥራዋን እንደተወች ሠራተኛ ነው። በሕመም ምክንያት እንደተሰናበቱ አይቆጠርም። «እንመልስሻለን» የተባለው በቃል ስለሆነ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። «ተታልዬ ነው» ብለው ቢከሱ የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ነው፤ በገዛ እጅ የተጻፈን ደብዳቤ ማፍረስ ቀላል አይደለም።

የሚያጡትን እንቁጠር። ባንኩ ራሱ «በጤና ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት አትችልም» ብሎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 28 ቢያሰናብትዎት፣ አገልግሎትዎ ከ9 ዓመት ስለሚበልጥ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዎታል። በራስዎ ከለቀቁ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ከዚህ የሚብሰው የጡረታው ጉዳይ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ጉድለት የተሰናበተ ሠራተኛ የጤና ጉድለት አበል ዕድሜ ልኩን ያገኛል። 10 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ብቻ ነው። እርስዎ የቀረዎት 8 ወር ነው! እነዚህን 8 ወራት በአንድ ፊርማ አይጣሏቸው። ያለ ደመወዝ የሚያልፉት የሕመም ፈቃድ ወራት በአገልግሎት መቆጠር አለመቆጠራቸውን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ሌላም ያለፉት ነገር አለ፦ ባንኩ ሕመምዎን ያውቃል? ማስጠንቀቂያዎቹን ሳያቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። «ሥራ ላይ ችግር ይፈጥርብኛል» ብለው ደብቀው ይሆናል፤ ሰው ያደርገዋል፣ ግን ልክ አልነበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ሆስፒታል ከነበሩ፣ ከካርድዎ ተጠቅሶ ቀኖቹን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያውጡና ያስገቡ። ከእንግዲህ በታመሙ ማግስት ያሳውቁ፤ የሚያቀርቡትም ማስረጃ በመንግሥት ከታወቀ የጤና ተቋም ይሁን።

የካሽ ጉድለቱም በአንድ ቃል የሚታለፍ አይደለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንዱ ኖት ሁለት ሆኖ እየታየዎት ከቆጠሩ ምክንያቱ ሕመሙ ነው። ስለ ጉድለቱ ቀደም ብለው ማብራሪያ ጽፈው ከሆነ ኮፒውን ፈልገው ያምጡልኝ። በሌላ ማብራሪያ ላይ «በግድየለሽነቴ» የሚል ቃል እንዳይፈርሙ።

አሁን የሚያስፈልግዎት ጥሩ የሕክምና ማስረጃ ነው። «3 ቀን እረፍት» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለዚህ ሕመም አይበቃም። ጡንቻው ሲሠራ ይደክማል፣ ሲያርፍ ይመለሳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደህና ሆነው ያየዎት አለቃ ከሰዓት የሚሆነውን አያምንም። ስለዚህ ኒውሮሎጂስትዎ (የነርቭ ሐኪምዎ) የሕመሙን ስም፣ የመጀመሪያውን ምርመራ ቀን፣ የደም ምርመራውንና የነርቭና የጡንቻ ምርመራውን ውጤት፣ ፒሪዶስቲግሚን የሚባለውን የዚህ ሕመም ኪኒን በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱ፣ ምን መሥራት እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ በዝርዝር ይጻፉልዎ። ኪኒኑ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ሠርቶ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ሰዓቱ ተጽፎ ሲቀርብ የሥራ ፈረቃ ለማስተካከል ይረዳል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ሐኪሙ አዝኖልዎት «በቋሚነት መሥራት አትችልም» ብሎ እንዳይጽፍ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ 28ን ለባንኩ አስረክባ ትሰጣለች። ሕክምና ላይ ካሉና ለውጥ የሚጠበቅ ከሆነ «ክትትል ላይ ናት» ተብሎ ይጻፍ።

ማስረጃውን ይዘው፣ በአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የተቀመጠውን የአሠሪ ግዴታ ጠቅሰው፣ ከመስኮት ወደ ውስጥ ሥራ እንዲዛወሩ፣ ከባዱ ሥራ ጠዋት እንዲሆንና መሐል ላይ እረፍት እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። የሚያስገቡት ሁሉ በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱን ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ማኅተም አርፎበት ይያዙት።

ደብዳቤውን አስቀድመው አስገብተው ከሆነ፣ መልቀቂያውን መሳብዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ነገ ጠዋት ገቢ ያድርጉና በዚያው ቀን ጠበቃ ያማክሩ። ከሥራ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ለክፍያዎች ደግሞ 6 ወር አለ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ በገንዘብ እጦት ሰበብ ቀኑን አያሳልፉ። ሲመጡ የቅጥር ውልዎን፣ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች፣ የሕክምና ካርድዎን፣ የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና ያን ደብዳቤ፣ ረቂቅም ቢሆን፣ ይዘው ይምጡ።