ከስብሰባ የቀረ የምክር ቤት አባል ምን ይሆናል?

ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ወሬው ወደ ፓርላማ ዞረ። ሕግ ስለተማርኩ ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። ዋና ዋናውን ልጻፈው።

ጥያቄ፦ ዕድር የቀረን ይቀጣል። ፓርላማስ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። ኬንያ በአንድ የስብሰባ ዘመን ስምንት ጊዜ ያለ አፈ ጉባኤው የጽሑፍ ፈቃድ የቀረ፣ አጥጋቢ ምክንያት ካላቀረበ ወንበሩን ያጣል። ኡጋንዳና ጋና ቁጥሩ 15 ነው። ህንድ የምትቆጥረው 60 ቀን ነው፤ ግን ወንበሩ ክፍት ነው ብሎ የሚወስነው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ባልደረባን ማባረር ደግሞ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሕገ መንግሥትስ?

መልስ፦ «ይህን ያህል ቀን የቀረ ይነሳል» የሚል ቁጥር የለውም። አንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ከአባልነት እንደሚወገድ ይናገራል። የውስጥ አሠራሩን ደንብ ምክር ቤቱ ራሱ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው ቢቀር ስብሰባው ይቆማል?

መልስ፦ ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ስብሰባው እንዲካሄድ መገኘት ያለበት ቁጥር፣ ከአባላቱ ግማሽ በላይ ነው። 547ቱ ወንበር ሁሉ ቢሞላ 274 ሰው ይበቃል። ውሳኔው ደግሞ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። እና 138 እጅ ሕግ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ስል ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

ጥያቄ፦ አውቆ የሚቀርም አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ! የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት 30 ሴናተሮች አሏት። ስብሰባ ለመጀመር 20 መገኘት አለባቸው። ስለዚህ 11 ሰው ከቀረ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እነዚህ ሰንፈው አይደለም፤ የጠሉትን ሕግ ለማስቆም ነው የሚቀሩት። መራጩ ተማረረና እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ፈቃድ 10 ጊዜ የቀረ ለሚቀጥለው ዘመን እንዳይወዳደር በድምፁ ወሰነ። በዓመቱ አሥር ሴናተሮች ይህን መስመር አለፉ። ከዚያ የሕጉ አጻጻፍ ለሌላ ትርጉም ክፍት ነው ብለው ተከራከሩ። የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መራጩ በተረዳው መንገድ ተርጉሞ ፈረደባቸው። ተቃውሞ መብት ነው፤ ደሞዝ እየበሉ በር መዝጋት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ የታመመስ? ለቅሶ የደረሰበትስ?

መልስ፦ ያስፈቅዳል። አለቀ።

ጥያቄ፦ አንተ ብትሆን በስንት ብር ትቀጣቸው ነበር?

መልስ፦ በብር አልቀጣም። ማን ስንት ቀን እንደቀረ በየምርጫ ክልሉ እንዲለጠፍ አደርግ ነበር። የዕድራችን ጸሐፊ የቀሪ ስም ሲያነብ እንዴት አንገት እንደሚያስደፋ አውቃለሁ። ባለፈው ወር የተጠራው የእኔ ስም ነበር።