እንጦጦ ወጥተሽ ለተናደድሽው

«በፎቶ አይቼ ስመኘው ኖሬ ነሐሴ ላይ ወጣሁ፤ ጉም ብቻ! የምኒልክ ቤተ መንግሥት የተባለውም የጭቃ ቤት ነው። ተሸወድኩ?» ላልሽው፦

አልተሸወድሽም እህቴ፣ ወሩ ነው ያልሆነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ላይ ከዚያ ሆኖ አዲስ አበባን ማየት የዕድል ጉዳይ ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ በጠዋት ውጪ።

ቤቱ ግን ያው ነው። እንጨትና ጭቃ፣ ከላይ ኖራ። እኔ እንዲያውም የምወደው ለዚህ ነው፤ አገር ከዚያ ይገዛ ነበር እኮ! ባሕር ዛፉም በእሳቸው ዘመን፣ ማገዶ ሲቸግር የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስትወርጂ ጭራሮ ተሸክመው ወገባቸው የጎበጠ እናቶች ካጋጠሙሽ መንገድ ልቀቂላቸው። ጃኬት ደግሞ ያዢ፤ ፀሐይ ቢወጣም ይበርዳል።