ልጅ መውደድ ይበቃል ወይ? ስልጠና ልምረጥ ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የቢሮ ሥራሽን ትተሽ ከልጆችና ከታዳጊዎች ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ። የጥቂት ወር ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይስ ዲግሪ ልጀምር ብለሽ ጠይቀሻል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ልጅ በጣም እወዳለሁ፣ ዋናው እሱ አይደል እንዴ?» ብለሻል። ከሥር «አዎ፣ ዋናው ፍቅር ነው» የሚለው መልስ ስለበዛ ነው እኔም ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ የተነሳሁት። ከቤተሰባቸው ተለይተው የሚያድጉ ልጆች በሚኖሩበት ማሳደጊያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ለልምምድ የሚመጡ ሰልጣኞችን እከታተላለሁ።

ፍቅሩ ያስፈልጋል፣ ማን ይክዳል። ግን ፍቅር ብቻ ይዘው የመጡ ሰዎች ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ አይቻለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምትወጂው ልጅ መልሶ አይወድሽም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ይሰድብሻል፣ ይፈትንሻል፣ «አንቺም እንደሌሎቹ ትሄጃለሽ» ይልሻል። ትልልቅ ሰዎች እየተፈራረቁ ጥለውት የሄዱት ልጅ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ሮጦ እቅፍ ውስጥ አይገባም፤ መቼ እንደምትሄጂ ነው የሚያጣራው። ይሄን ውለታ ቢስነት ነው ብለሽ ከወሰድሽው አለቀልሽ። በሌላ ዓይን ማየት ደግሞ በስልጠና የሚመጣ ነገር ነው፣ ማንም ይዞት አይወለድም።

ስለዚህ ሰርተፍኬት ወይስ ዲግሪ የሚለውን ለጊዜው ተይው። ለየትኛውም ተቋም መጀመሪያ የምታቀርቢው ጥያቄ «ልምምድ ስወጣ አጠገቤ ማን ይሆናል?» የሚለው ይሁን። መልሳቸው ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል። የቀረው ሰዓት ሁሉ ያንቺ ነው። ጠዋት አልነሳም ሲል፣ ከትምህርት ቤት ተኮሳትሮ ሲመለስ፣ ጫማ ጠፋብኝ ብሎ ሲጣላ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ። በተለይ ማታ! ቀኑን ሙሉ ሲስቅ የዋለ ልጅ መብራት ሲጠፋ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ይሄን ከክፍል ትምህርት አታገኚውም። ፍሪትዝ ሬድል የሚባል ቪየና የተማረ ባለሙያ ነበር፤ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥ «አስቸጋሪ» የተባሉ ልጆች የሚኖሩበት አነስተኛ ቤት ይመራ ነበር። ልጁን ቆይቶ ቢሮ ጠርቶ ከማናገር ይልቅ፣ ነገሩ በተፈጠረበት ቦታና በዚያው ሰሞን፣ አብሮት የሚውለው ሰው ቢያናግረው ይሻላል የሚለውን አሠራር ያስፋፋው እሱ ነው። ዛሬ በዚህ ሙያ የምንማረው ብዙ ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ምሽት ላንሳልሽ። የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ እናቱ ትመጣለች ተብሎ ሳትመጣ ቀረች። በስልክ አናገራት፣ ዘጋውና የኮሪደሩን በር መርገጥ ጀመረ። ለልምምድ የመጣችው ሰልጣኝ ደንግጣ «ተረጋጋ! ንብረት እኮ ነው የምትሰብረው!» አለችው፣ ባሰበት። አብሮኝ ፈረቃ የገባው ባልደረባዬ ግን መጀመሪያ ሌሎቹን ልጆች በእጁ ምልክት ወደ ሳሎን አስገባ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ መውጫውን ሳይዘጋበት። ዝም አለ። ልጁ ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል «ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቃት ነበር» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ልጁ አንዴ ደግሞ ረገጠና እሱም ቁጭ አለ። የበሩን ነገር የተነጋገሩት በማግስቱ ነው፤ ሲጠገን ልጁ ብሎን እያቀበለ አብሮ ሠራ።

ይሄን ስታነቢ «እሱ ተሰጥኦ አለው» ትዪ ይሆናል። የለም። እያንዳንዷ ነገር ምክንያት አላት። ተመልካች ሲኖር ልጁን ማፈግፈግ ያሳፍረዋል፣ ስለዚህ ተመልካቹ ይነሳል። ከላዩ የቆመ ትልቅ ሰው ያስፈራዋል፣ ስለዚህ ትቀመጫለሽ። መውጫ ያጣ ልጅ ይማታል። «ተረጋጋ» ተብሎ የተረጋጋ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ትልቁም ትንሹም። ንዴቱ ላይ እያለ ስለ ቅጣት ማውራትም ጆሮ ለሌለው ሰው መናገር ነው። ያቺ ሰልጣኝ ይሄን ሁሉ የተማረችው ፈረቃው ካለቀ በኋላ ባልደረባዬ ቁጭ ብሎ «እዚያ ጋ ምን ተሰማሽ? ለምን ጮህሽ?» ብሎ ሲያነጋግራት ነው። ሱፐርቪዥን ማለት ይሄ ነው። የመቆጣጠሪያ ፎርም መፈረም ሱፐርቪዥን አይባልም፣ ብዙ ቦታ ግን እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ ያሳዝናል።

ሌላው የሚናቀው ትምህርት አጻጻፍ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ሰልጣኟ በቀን መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ልጁ ያለ ምክንያት ተበሳጭቶ የብልግና ባህርይ አሳየ፣ ትኩረት ፈልጎ ነው።» አብረን አስተካከልነው፦ «ከምሽቱ 1፡40 ላይ ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋገረ። ከዘጋ በኋላ የኮሪደሩን በር ደጋግሞ ረገጠ። ‹ሁሌም እንዲህ ናት› ሲል ተሰማ። ሌሎች ልጆች ወደ ሳሎን ገቡ። የተጎዳ የለም። 2፡05 ላይ ተቀመጠ።» ልዩነቱን አየሽው? የመጀመሪያው ስለ ጸሐፊዋ ስሜት ነው የሚያወራው። ሁለተኛውን ግን የማታው ተረኛ አንብቦ ልጁን በምን መልክ እንደሚያናግረው ያውቃል። መዝገቡ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ልጁ ራሱ አድጎ ፋይሌን አሳዩኝ ሊል ይችላል፤ ያኔ በልጅነቱ «ባለጌ» ተብሎ እንደተጻፈ ሲያነብ አስቢው። የምትመርጪው ስልጠና መዝገብ አያያዝንና ሪፖርትን በደንብ የማያስተምር ከሆነ ግማሹ ጎድሏል።

ቲዎሪውስ? እሱንም መማር አለብሽ፣ ያስፈልግሻል። የልጅ እድገት፣ ትሮማ (ከባድ ነገር ያደረሰበት ልጅ ውስጡ የሚቀር ቁስል)፣ አታችመንት (ልጅ ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው የመተማመን ትስስር) የግድ ናቸው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሪፖርት ልጅ የማይቀያየር አሳዳጊ እንደሚያስፈልገው ጻፈ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ ደግሞ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ጨቅላዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመለከተች፣ ኋላም የትስስሩን ሐሳብ በጥናት አጠናከረችው። ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ የተደረገውንም ጥናት ፈልጊና አንብቢው፦ በማሳደጊያ ያሉ 136 ጨቅላዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ አደራ ቤተሰብ (የሌላ ሰው ልጅ ተቀብሎ ቤቱ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ዘንድ ሄዱ፣ ቀሪዎቹ በተለመደው አያያዝ ቀጠሉ። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮ እድገት ተሻሉ፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት። ለሥራሽ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሠራተኛ በየጊዜው የሚቀያየርበት ቤት፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር፣ ልጁን ይጎዳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። ሙያው ከማሳደጊያ ግቢ እየወጣ ነው። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ልጅ ከቤተሰቡ የሚለየው የግድ ሲሆን ብቻ መሆን አለበት ይላል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ አማራጩ ቤተሰባዊ እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ወደፊት ሥራሽ የሚሆነው ወላጅን መደገፍ፣ አደራ ቤተሰቦችን ማሰልጠን፣ ልጁን ወደ ቤቱ መመለስ፣ 18 ሞልቶት የሚወጣውን ወጣት ማገዝ ነው። ስርዓተ ትምህርቱ ላይ ከወላጆች ጋር ስለመሥራት የሚል ኮርስ ከሌለ ጊዜ ያለፈበት ነው በይው። የታዳጊዎች ክፍልም ይኑረው። ብዙ ስልጠና ስድስት ዓመት ላይ ያቆማል፣ ሥራ ላይ ግን የምታገኚው የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው።

ከልጁ ጋር ያለ ወሰንም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንዱን ብቻ ልንገርሽ። አንዲት ልጅ መጥታ «ለማንም እንደማትናገሪ ማይልኝ» ብትልሽ አትማይ። «ጉዳት ላይ ያለሽ ከሆነ ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች መናገር አለብኝ፣ ግን ለማንና ምን እንደምናገር አስቀድሜ እነግርሻለሁ» ነው መልሱ። አፍሽ እስኪለምደው ድረስ ተለማመጂው፣ ጥያቄው የሚመጣው ባላሰብሽው ሰዓት ነው።

ልጆችን ማዳመጥ ሲባል የወግ ነገር የሚመስላቸው አሉ። በ1989 የጸደቀው የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ከዚያ በፊትም ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል ፖላንዳዊ ሐኪምና ደራሲ ዋርሶ ውስጥ በሚመራው ማሳደጊያ ልጆቹ ራሳቸው ዳኛ የሚሆኑበት ችሎት ነበር፣ ሠራተኛም ሊከሰስበት ይችል ነበር፣ እሱ ራሱም ቀርቦበታል። እኔ ሥራ የጀመርኩበት ቤት ውስጥ ቢሆን ስንቶቻችን እንቀጣ እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ ሰርተፍኬትና ዲግሪው። እንደ አገሩ ይለያያል። ዴንማርክ ፔዳጎግ (ይሄን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ) ለመሆን ሦስት ዓመት ተኩል ዲግሪ ነው፣ የተወሰነው ጊዜ ሥራ ቦታ ላይ ነው የሚያልፈው። ካናዳ ኦንታሪዮ ለዚሁ ሙያ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ አለ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በሙያ ምክር ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው። አንቺ ባለሽበት አሠሪዎች ምን እንደሚጠይቁ የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስበሽ እዪ፤ ያ ከማንኛውም የኮሌጅ ብሮሹር ይሻላል። የኔ ምክር፣ ከልጆች ጋር ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ በረዳትነት ወይም በበጎ ፈቃድ ጀምሪ፣ ልምምድ ያለው አጭር ስልጠናም ጎን ለጎን ውሰጂ፤ ሥራውን ካየሽው በኋላ ዲግሪውን ቀጥይ። ጉዳይ ለመያዝ፣ ለፍርድ ቤት ሪፖርት ለመጻፍ፣ ቡድን ለመምራት ስትፈልጊ ዲግሪ መጠየቁ አይቀርም። ያለ ልምምድ፣ ሙሉ በሙሉ ከስክሪን ላይ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ግን ገንዘብሽን አታባክኚበት።

ተቋሙን ስታናግሪ እነዚህን ጠይቂ፦ ልምምዱ ማታንና ቅዳሜ እሁድን ይጨምራል ወይ? ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ከልጆች ጋር ኖሮ ያውቃል ወይስ አስተማሪ ብቻ ነው? ልጅ ሲናደድ ምን ያስተምራሉ? ለዚህኛው መልሳቸው ልጅን በጉልበት ስለመያዝ ከጀመረ ተመለሺ፤ እሱ የሚመጣ ቢሆን እንኳን በመጨረሻ፣ ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው።

ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፣ ሌሊት ፈረቃ አለ፣ በዓልም ትሠሪያለሽ። ከቢሮ ሥራ ስለምትመጪ ይሄን ከቤተሰብሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪበት።

በመጨረሻ፣ ሊቀጥርሽ ወይም ለልምምድ ሊቀበልሽ ያለ ቤት የወንጀል ነጻ ማስረጃ ካልጠየቀሽ፣ የሚያውቁሽን ሰዎች ደውሎ ካላጣራ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻሽን ከልጆቹ ጋር ትቶሽ ከወጣ፣ አንቺ ጥሩ ሰው ብትሆኚም እዚያ አትሥሪ። ከአንቺ በፊት የገባውንም እንደዚያው ነው ያስገቡት። ከየትኛው ዕድሜ ጋር መሥራት እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ፣ በዚያ ላይ የተለየ የምለው አለኝ።