መጠጥ ለመተው ስብሰባ ልሂድ? ለጥያቄዎቻችሁ የሰጠሁት መልስ

መጠጥ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ የሚባለው ስብሰባ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ብዙ ጠየቃችሁ። ስሜን ያልጻፍኩት አፍሬ ሳይሆን የኤኤ ደንብ ስለሆነ ነው። የምናገረውም ያየሁትን ብቻ ነው።

ስብሰባውን ከየት ላግኘው? ኡበር ነው የምነዳው፣ ሰዓቴ አይታወቅም።

«ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል ነፃ አፕ አለ። ስልክህ ላይ ጫነው። በአቅራቢያህ ያሉትን ስብሰባዎች ከነሰዓታቸው ያሳይሃል። ጠዋት ከሥራ በፊት የሚደረግ አለ፣ የምሳ ሰዓት አለ፣ ማታ አለ። በዙም የሚደረገውንም መኪናህን አቁመህ መከታተል ትችላለህ። «ኦፕን» የተባለው ለማንም ክፍት ነው። «ክሎዝድ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ካልተመቸህ ሌላ ሞክር። እኔ ቤቴ ያልኩት አራተኛውን ነው።

ወረቀቴ ገና አላለቀም። መታወቂያ ይጠይቃሉ? ይከፈላል?

አይጠይቁም እህቴ፣ አይከፈልምም። የሚመዘግብሽ የለም። የመጀመሪያ ስምሽን ብትናገሪ ይበቃል። ለቤት ኪራይና ለቡና ቅርጫት ይዞራል፤ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል። አዲስ ሰው ባይሰጥ ማንም ቅር አይለውም። የሴቶች ብቻ ስብሰባም አለ፤ መጀመሪያ እሱን ብትሞክሪ ደስ ይለኛል።

ገብቼ ምን ልበል? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ምንም አትበል። ተራህ ሲደርስ «ዛሬ ልስማ ነው የመጣሁት» ካልክ ያልፉሃል።

እኔ የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ስብሰባው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቀስት የተሳለበት ወረቀት ተለጥፏል። ስገባ አንድ ሽማግሌ ቡና ቀዱልኝ። ኩባያውን እስከ ግማሹ ብቻ ነው የሞሉት። ምነው ሰሰቱ አልኩ በልቤ። ከወራት በኋላ ስጠይቃቸው «እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው፤ እንዳይደፋብህና እንዳታፍር ብዬ» አሉኝ። ያን ማታ ከተነገረው እንግሊዝኛ ግማሹ አልገባኝም። ኩባያዋ ግን ገብታኛለች።

ሐበሻ ቢያየኝስ?

ያይህ ይሆናል። እኔ በሁለተኛው ወር ከእድራችን የማውቀው ሰው በር ከፍቶ ገባ። ሁለታችንም ደም ከፊታችን ሸሸ። ስብሰባው ሲያልቅ ፓርኪንግ ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። እስከ ዛሬ እድር ላይ ስንገናኝ ስለዚያ ቤት አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል።

ኦርቶዶክስ ነኝ። ሌላ ሃይማኖት እንዳይሆን ፈራሁ።

ሃይማኖት አይደለም። ኤኤ የተጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. በአክረን፣ ኦሃዮ ነው። አንድ ነጋዴና አንድ ሐኪም ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ፤ ተገናኝተው እርስ በርስ በማውራት ነው ከመጠጥ ርቀው መቆየት የቻሉት። አሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት። አምላክ ይነሳል፣ ነገር ግን «እያንዳንዳችን እንደምንረዳው» ይላል። አምስተኛው ደረጃ ጥፋትህን ለእግዚአብሔር፣ ለራስህና ለሌላ ሰው ሳትደብቅ መናገር ነው። ንስሐ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘጠነኛው የበደልከውን መካስ ነው። እኔ ከነፍስ አባቴም አልተለየሁም። መንፈሳዊ ነገር አልፈልግም ላልከው ደግሞ «ስማርት ሪከቨሪ» የሚባል ሌላ አለ።

ዛሬውኑ ጨርሼ ልተወው?

ይህን ሁላችሁም አንብቡልኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። ላቡና መንቀጥቀጡ ሳያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊያንፈራግጥ፣ የሌለ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ይገድላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ፤ የምትጠጣውን ልክ ሳትቀንስ ተናገር። ጸበል የምትገባም ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ስብሰባ ሕክምናን አይተካም። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-662-4357 ብትደውሉ በነፃ፣ ሌት ተቀን፣ በሚስጥር ወደ ሕክምና ይመሯችኋል።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው።

ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይጀምር። «አማኑኤል» ሲባል ሰው ይሸማቀቃል፤ መሸማቀቅ የለበትም። ከዚያ በዙም ስብሰባ መግባት ይችላል። ብትችል የመጀመሪያውን ቀን አብረኸው ግባ፤ «ኦፕን» የሚለውን ምረጥ።

የሚጠጣው ባሌ ነው። እሱ አልሄድም አለ።

አንቺ ሂጂ። «አል-አኖን» የሚባለው ለጠጪ ቤተሰብ ነው። ባለቤቴ እኔ ከመተዌ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምራለች። ጠርሙስ መደበቅና ለአለቃዬ «ታሟል» ብሎ መደወል ያቆመችው ያኔ ነው። በጣም ተናድጄባት ነበር። የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅድሚያ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ፣ ለፖሊስ ደውዪ።

ሰርግና ማኅበር ላይ ምን ላድርግ? «አንዷን ብቻ» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብትቀር ይሻላል። ከሄድክ በራስህ መኪና ሂድ፣ ገና ስትገባ ለስላሳ ያዝ፣ ለስፖንሰርህ አስቀድመህ ንገረው። ስፖንሰር ማለት አንተን ቀድሞ ያቆመ፣ በማንኛውም ሰዓት የምትደውልለት ሰው ነው። እኔ የራሴን ሰው ከአንድ ሰርግ ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ ደውዬለት አውቃለሁ።

ስድስት ወር ቆይቼ ትናንት ጠጣሁ። በምን ፊቴ ልመለስ?

በዚሁ ፊትህ። ዛሬ ማታ ና። ዛሬም ቀምሰህ ከሆነ አታውራ፣ ተቀምጠህ ስማ። መኪና ግን እንዳትነዳ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ።